ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ልንገዛ ነው፤ ውዱ በእውነት ይሻላል ወይስ ስሙን ነው የምንከፍለው?

አዲስ_ጎጆ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልንገዛ ነው እና ግራ ገብቶኛል። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ቆሞ አየሁ፣ ሁለቱም 8 ኪሎ፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ከፊት የሚከፈቱ፣ ግን አንዱ በእጥፍ ይወደዳል። ሻጩን ልዩነታቸው ምንድነው ስለው "ይሄኛው ኦሪጅናል ነው" አለኝ፣ ያኛውስ ታዲያ ምንድነው ፎቶ ኮፒ ነው? ባለቤቴ ውዱን ገዝተን እንገላገል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ተጨማሪው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ሳላውቅ መክፈል ያናድደኛል። የሚያውቅ ሰው ካለ በደንብ ያስረዳኝ፣ "ጥራት አለው" ብቻ እንዳትሉኝ እባካችሁ

ዝም_ብዬ_ነው፦
ርካሹን ግዢ በቃ። አሁን የሚሰራው እቃ ሁሉ ያው ነው፣ ፕላስቲክ ነው ሁሉም። ሲበላሽ ሌላ ትገዣለሽ፣ በውዱ ሂሳብ ርካሹን ሁለቴ ትገዢበታለሽ እኮ፣ ሁለተኛው ደግሞ አዲስ ሞዴል ይሆናል። እቃ ማለት የድሮዎቹ ነበሩ

ካቻቪቴ፦
እህቴ ስራዬ ጥገና ስለሆነ እነዚህን ማሽኖች ከፊታቸው ይልቅ ከሆዳቸው ነው የማውቃቸው፣ እና "ሁሉም ያው ነው" የሚለው ልክ አይደለም፣ "ውድ ሁሉ ጥሩ ነው" የሚለውም ልክ አይደለም። ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ልብስ ማጠቢያ ላይ ገንዘቡ ሦስት ቦታ ነው የሚሄደው፣ ወይም መሄድ ያለበት። አንደኛው ሞተሩ ነው። ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ቁራጭ) ያለው የድሮው አይነት ሞተር አለ፣ ይጮሃል፣ ካርቦኑም እየተበላ ያልቃል፣ ግን ካርቦን መቀየር ቀላል ስራ ነው ዋጋውም ትንሽ ነው። ኢንቨርተር የሚሉት ደግሞ ካርቦን የለውም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ነገር ግን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው እና ቦርዱ ከተቃጠለ ወጪው ያስደነግጣል። ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ከበሮው ከኋላ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አለ፣ ከፊቱ ደግሞ ውሃ እንዳይገባበት የሚከላከል ጎማ። ጎማው ሲያረጅ ውሃ ይገባል፣ ግሪሱ ይታጠባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከዛ ማሽኑ ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል። ይሄ ማንኛውም ማሽን ላይ አንድ ቀን ይመጣል። ጥያቄው ሲመጣ ምን ይደረጋል ነው፣ እዚህ ጋ ነው ጉዱ፦ የውጪው የፕላስቲክ ገንዳ በብሎን የተያያዘ ከሆነ እንፈታዋለን፣ ኩሽኔታውን ቀይረን እንመልሰዋለን። ፋብሪካ ላይ በሙቀት ተጣብቆ የተዘጋ ከሆነ ግን ለአንዲት ኩሽኔታ ብለሽ ገንዳውንም ከበሮውንም በሙሉ ነው የምትገዢው፣ ያኔ አዲስ ማሽን መግዛት ይሻልሻል። እና ልብ በይ፣ የተጣበቀ ገንዳ ያላቸው ርካሾቹ ብቻ አይደሉም፣ ውድ ሆነው እንደዛ የተሰሩም በእጄ አልፈዋል። ሦስተኛው የሰውነቱ ክብደትና የድንጋጤ መቀበያው ነው፣ ከባድ ማሽን ሲጨምቅ ከቦታው አይሄድም።

ሻጩ ይሄን አይነግርሽም፣ አያውቀውምም። ሞዴሉን ፅፈሽ ለጥገና ሰው ደውይና "የዚህ ገንዳ ይፈታል ወይ፣ ኩሽኔታና ቦርድ ይገኝለታል ወይ" በይው። ይሄ አንድ ጥያቄ ከሁሉም ማስታወቂያ ይበልጣል

አዲስ_ጎጆ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ነው እንጂ መልስ። ፍሪጁስ?

ካቻቪቴ፦
ፍሪጅ ላይ ዋናው ኮምፕሬሰሩ ነው፣ ጋዙን እየገፋ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ማለት ነው። ተራው ኮምፕሬሰር ወይ ሙሉ ጉልበቱን ይሰራል ወይ ይቆማል፣ በተነሳ ቁጥር ብዙ ኮረንቲ ይስባል። ኢንቨርተሩ ፍጥነቱን ዝቅ ከፍ እያደረገ ነው የሚሄደው፣ መብራት ይቆጥባል፣ አይጮህም። ፍሪጅ ላይ ኢንቨርተር የሚለው ቃል እኔ በበኩሌ የሚከፈልበት ነው እላለሁ ምክንያቱም ፍሪጅ ሌሊት ከቀን ተሰክቶ የሚኖር እቃ ነው።

ከዛ ኖ ፍሮስት የሚባለው አለ። በረዶ አይሰራም፣ ምቹ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን በረዶ እንዳይሰራ የሚያደርገው ውስጡ ፋን፣ በረዶ ማቅለጫ ሂተር፣ ሴንሰርና ቦርድ ስላለው ነው፣ እያንዳንዳቸው የሚበላሹ ነገሮች ናቸው። በእጅ በረዶው የሚቀለጠው ተራው ፍሪጅ ኮምፕሬሰር፣ ቴርሞስታት፣ መነሻ ሪሌ፣ የበር ጎማ፣ አለቀ። ለቆይታ ብቻ ከሆነ ተራው ያሸንፋል። ለምቾት ከሆነ ኖ ፍሮስት

የልጆቹ_እናት፦
ካቻቪቴ ያለው በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ማሽን ይገድልና ብራንዱን ይሳደባል። ሳሙና በእፍኝ ይጨምራሉ፣ አረፋው አልቆ አይታጠብም፣ ጎማው ስር ይከማቻል፣ ይሸታል፣ ይሻግታል። ታጥቦ ሲያልቅ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ማንን ገደለ? ከታች ያለችው ትንሿ የፓምፕ ማጣሪያ ደግሞ መኖሯን የማያውቅ ስንት ሰው አለ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የልጅ ካልሲ፣ የፀጉር መያዣ ሁሉ እዛ ነው ያለው፣ ከዛ ማሽኑ ውሃ አልደፋ አለ ብለው ቴክኒሻን ይጠራሉ። ሁሌ በቀዝቃዛ ብቻ የምታጥቡም አልፎ አልፎ 60 ዲግሪ ላይ ባዶውን አስኪዱት ውስጡ ይጠራል። እና 8 ኪሎ ማለት እስኪጨናነቅ ሙላው ማለት አይደለም እሺ፣ ከላይ እጅ የሚያስገባ ቦታ መቅረት አለበት። ልጆች ካሉሽ ወይ ካሰብሽ ደግሞ አዲስ ጎጆ፣ ከብራንድ በፊት ስፋት ላይ ጨምሪ ነው የምልሽ

ቁጥር_ይናገር፦
ሁላችሁም የመግዣውን ዋጋ ብቻ ነው የምታወሩት። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ዋጋውን ይቆያል ብለሽ በምታስቢው ዓመት አካፍዪ፣ የዓመቱን መብራት ጨምሪበት፣ ከዛ አወዳድሪ። በእጥፍ የሚወደደው ማሽን በእጥፍ ካልቆየ ወይ ልዩነቱን በመብራት ካልመለሰ ጥቅሙ ሌላ ነገር ነው፣ ድምፅ፣ ውበት፣ ደስታ፣ እሱም መብት ነው ግን ቁጠባ ብለሽ አትጥሪው።

መብራቱን በተመለከተ እቃው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። የአውሮፓው መለጠፊያ ከመጋቢት 2021 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ከኤ እስከ ጂ ሆኗል፣ ድሮ ኤ ሦስት ፕላስ ይባል የነበረው ቀርቷል፣ እና በአዲሱ ሚዛን ሲ ወይ ዲ ያገኘ ፍሪጅ መጥፎ እንዳይመስልሽ፣ መለኪያው ነው የጠበቀው። ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩን እዪ፣ ኪሎዋት ሰዓት ይላል። አንዱ ፍሪጅ በዓመት 300፣ ሌላው 200 ካለ በ10 ዓመት 1000 ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት ነው፣ እሱን በምትከፍይበት ታሪፍ አባዢው፣ የዋጋውን ልዩነት ይበልጣል ወይስ አይበልጥም ወዲያው ታያለሽ።

ልብስ ማጠቢያ ላይ ግን አብዛኛውን መብራት የሚበላው ውሃ ማሞቁ ነው። ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ማጠብ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ከመሄድ የበለጠ ይቆጥባል። ውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ደግሞ ጭራሽ ልዩነት የለውም፣ አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ለማፍላት ወደ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ ወርቅ ቢቀቡትም ያው ነው

ዝም_ብዬ_ነው፦
እሺ ፕሮፌሰር፣ ግን "ይቆያል ብለሽ የምታስቢው ዓመት" የሚለውን ከየት ነው የምታመጣው? እሱ እኮ ነው ጥያቄው ራሱ

ቁጥር_ይናገር፦
ልክ ነህ እሱ ግምት ነው። ለዛ ነው የካቻቪቴ ጥያቄ ጥሩ የሆነው፣ የሚጠገን እቃ እድሜው ባንተ እጅ ነው፣ የማይጠገን ግን መጀመሪያ የተበላሸበት ቀን ነው እድሜው

ማሙሽ_ቴክ፦
ማንም ስለ ስማርቱ አላወራም?? ዋይፋይ ያለው ማሽን ስልክህ ላይ አለቀ ብሎ ይነግርሃል፣ ብልሽት ካለ ኮዱን ይልክልሃል፣ ፍሪጁ ላይ ስክሪን አለ ምናምን። በ2020ዎቹ ላይ ሆነን ስለ ካርቦን ብሩሽ እናወራለን እንዴ

ካቻቪቴ፦
ወንድሜ ማሙሽ አልጣላህም፣ የብልሽት ኮድ ለእኔም ስራዬን ያቀልልኛል፣ ኮዱ ግን ያለ ዋይፋይም ማሽኑ ፊት ላይ ይወጣል። ስክሪን ያለው ፍሪጅ ማለት ጥሩ ከሆነ ብዙ ዓመት የሚሰራ ኮምፕሬሰር ላይ በትንሽ ዓመት የሚያረጅ ታብሌት ለጥፈህ መግዛት ነው። አፑን መደገፍ ያቆሙ ቀን ስክሪኑ ጥቁር መስታወት ይሆናል። እኔ ለቤቴ ብገዛ በእጅ የሚዞር ማዞሪያና ጥቂት ቁልፍ ያለው እመርጣለሁ፣ ንክኪ ብቻ የሆነ ሲበላሽ ፊቱ በሙሉ ነው የሚቀየረው

ማሙሽ_ቴክ፦
ሃሃሃ እሺ ጥቁር መስታወት ተቀብያለሁ። ግን ዋይፋዩ ይቅርብኝ አልልም

ጋሽ_አንባቢ፦
ልጆች እኔም ልግባ። ብራንድ ብራንድ ስትሉ ስሙ በር ላይ የተለጠፈው ሰውዬ ሁሌ ሰሪው አይደለም። ቦሽና ሲመንስ የቤት እቃዎች ከኔፍ ጋር አንድ ቤት ናቸው፣ ኤኢጂና ዛኑሲ የኤሌክትሮሉክስ ናቸው። የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቤት እቃ ክፍል የቻይናው ሃየር በ2016 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ገዛው፣ ካንዲንም በ2019 ጠቀለለው። በዚያው በ2016 የቶሺባ የቤት እቃ ሚዲያ ወደሚባለው የቻይና ኩባንያ ሄደ፣ ጎሬኔን ደግሞ በ2018 ሃይሴንስ ወሰደው። ይሄን የምለው ማንንም ለማሳነስ አይደለም፣ ቤተሰባችን ውስጥ "የእናቴ እገሌ ብራንድ ሠላሳ ዓመት ቆየ" የሚለው ወሬ ለዛሬው ማሽን ማስረጃ አይሆንም ለማለት ነው። ባለቤቱ ተቀይሯል፣ ፋብሪካው ተቀይሯል፣ አንዱ ብራንድ ራሱ ርካሽ መስመርና ውድ መስመር አለው። ሞዴል ቁጥሩን ነው መጠየቅ ያለባችሁ

ዝም_ብዬ_ነው፦
ጋሼ ግን የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር የሚለውን እርስዎም ይክዳሉ? የአያቴ ፍሪጅ እስካሁን ይሰራል

ጋሽ_አንባቢ፦
አልክድም፣ አንተ ግን የምታየው የተረፈውን ነው። በዚያ ዓመት ከዚያ ፍሪጅ ጋር የተሸጡት ሌሎቹ የት አሉ? ተጥለዋል፣ ስለማይታዩ አይቆጠሩም። ደግሞ በእኛ ጊዜ ፍሪጅ መግዛት ማለት ስንት ጊዜ ተቆጥቦ ነበር፣ ዛሬ ከሚወደደው ማሽን በላይ ነበር ከደሞዝ አንፃር። ያኔ የተከፈለው ገንዘብ ዛሬ ቢከፈል ዛሬም ጠንካራ ማሽን ይገኛል። ሚሌ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ማሽኖቹን ከ20 ዓመት አጠቃቀም ጋር በሚመጣጠን ፈተና እንደሚፈትን ራሱ ያስተዋውቃል፣ ዋጋውም እንደዛው ነው። ሌላው የዛሬዎቹ የሚበልጡበት ነገር መብራት አጠቃቀማቸው ነው፣ የአያትህ ፍሪጅ ይሰራል፣ ስንት እንደሚበላ ግን ለክተኸዋል?

ዝም_ብዬ_ነው፦
አልለካሁትም። ቢለካም ለአያቴ የሚነግራት ሰው አይገኝም

ሳራ_ቢ፦
ዋስትናውስ? አንዱ ማሽን ላይ "10 ዓመት ዋስትና" የሚል ትልቅ ስቲከር አለ፣ እኔ እሱን አይቼ ልገዛ ነበር። ተጨማሪ ከፍለሽ ዋስትናውን አራዝሚ የሚሉትም አለ፣ ያዋጣል?

ካቻቪቴ፦
ሳራ ስቲከሩ ስር ያለውን ትንሿን ፅሁፍ አንብቢ፣ "ሞተር" ወይ "ኮምፕሬሰር" ትላለች። ሞተሩ ብቻ ነው። ቦርዱ፣ ፓምፑ፣ ኩሽኔታው፣ የሰራተኛ እጅ፣ ማመላለሻ፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በዛ አይሸፈኑም። ኢንቨርተር ሞተር ደግሞ ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚበላሸው ነው፣ ስለዚህ እሱን 10 ዓመት ዋስ መሆን ለፋብሪካው ብዙ አያስጨንቀውም 😄

የሚራዘመውን ዋስትና ብዙ አልወደውም። እቃ የሚበላሸው ወይ መጀመሪያው ላይ ነው፣ የፋብሪካ ጉድለት ካለ፣ እሱ በመደበኛው ዋስትና ይያዛል፣ ወይ ደግሞ ሲያረጅ ነው፣ ያኔ የተራዘመውም አልቋል። የምትከፍዪው መሃል ላይ ላለው ሰላም ጊዜ ነው። ያንን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጪው፣ የጥገና ሳጥን ይሁንሽ። እኔ ዋስትና ከምጠይቅ መለዋወጫ እጠይቃለሁ

ቁጥር_ይናገር፦
በመለዋወጫ ላይ፣ የአውሮፓ ህብረት ከ2021 ጀምሮ ህግ አድርጎታል፣ የተወሰኑ የልብስ ማጠቢያ መለዋወጫዎች ሞዴሉ ገበያ ላይ መውጣት ካቆመ በኋላ 10 ዓመት መገኘት አለባቸው፣ የፍሪጅ ደግሞ 7፣ የበር ጎማ ሲሆን 10። አንዳንዱ ክፍል ለባለሙያ ብቻ ነው የሚሸጠው። ህጉ እዛ ለሚሸጥ እቃ ነው፣ ቢሆንም እዛም የሚሸጥ ሞዴል ከሆነ የምትገዢው ቢያንስ ክፍሉ የሆነ ቦታ ይመረታል ማለት ነው። እዛ ከሚሸጥ ሞዴል ጋር ቁጥሩን ማመሳሰል አይከፋም

የልጆቹ_እናት፦
እኔ ለሁሉም እቃ እኩል ማሰብ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ፍሪጅና ማጠቢያ ላይ አውጪ፣ ማይክሮዌቭ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ካውያ፣ ዳቦ መጥበሻ ላይ አታውጪ። ማይክሮዌቭ ምን አለው፣ ምግብ ማሞቅ ነው፣ ርካሹም ውዱም ያሞቃል

ካቻቪቴ፦
እውነት ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አንዳንዴ ብልጭ ብልጭ ካለ ደግሞ ከጎኑ ያለችው የወረቀት የምትመስል ሚካ ነች የተቃጠለችው፣ እሷ ርካሽ ናት፣ ተቆርጣ ትገባለች፣ ሰው ግን ሙሉውን ይጥላል። ከእሷ ውጪ ግን ማይክሮዌቭ እንዳትከፍቱ፣ በቁም ነገር ነው የምለው፣ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ2000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል። ፍሪጅም ላይ ጋዙ አር600ኤ የሚል ከሆነ ተቀጣጣይ ነው፣ አሁን አብዛኛው አዲስ ፍሪጅ እሱ ነው፣ ልምድ የሌለው ሰው በብየዳ እንዳይጠጋው።

አንድ ነገር ደግሞ ረስቼ፣ ካውያ ላይ ሳይሆን ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ላይ አትቆጥቡ። ውስጡ አኖድ የሚባል የማግኒዚየም ዘንግ አለ፣ ጋኑ እንዳይዝግ ራሱ እየተበላ የሚከላከል። ካለቀ ጋኑ መበላት ይጀምራል። በየጊዜው አስከፍቶ ማየትና መቀየር ነው፣ የሚቀይር ሰው ግን አላየሁም ማለት ይቻላል፣ ከዛ ቦይለር አይረባም ይባላል

ብዙ_ያልጠየቀ፦
መብራት ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቤት ለሚኖር ሰውስ? ውድ ቦርድ ያለው እቃ መግዛት ሞኝነት አይደለም?

ካቻቪቴ፦
ጥሩ ጥያቄ፣ ይሄ ምርጫውን ሊቀይረው ይችላል። ቮልቴጅ የሚዋዥቅበት ቦታ ከሆነ ስታብላይዘሩን የእቃው ዋጋ አካል አድርገህ ቁጠረው፣ የእቃውን ሙሉ ዋት የሚችል ይሁን፣ ኮምፕሬሰር ሲነሳ የሚስበውን ጨምሮ። ተራ ፍሪጅ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ በቀጥታ አይነሳ፣ 3 ወይም 5 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን፣ አለዚያ ኮምፕሬሰሩ ያቃስታል። ስታብላይዘሩ የማዘግየት ቁልፍ ካለው ይሄን ራሱ ይሰራልሃል። እንደዛ አይነት ቤት ላይ እኔ ስክሪንና ዋይፋይ ካለው ይልቅ ተራውን ከጥሩ ስታብላይዘር ጋር እመርጣለሁ፣ ልዩነቱ ይተርፍሃል

ሳራ_ቢ፦
ያገለገለ ስለመግዛትስ፣ ጥሩውን ብራንድ ያገለገለ በርካሹ አዲስ ዋጋ?

ካቻቪቴ፦
ካየሽውና ከሰማሽው ያዋጣል። ማጠቢያ ከሆነ በሩን ክፈቺና ከበሮውን ወደ ላይ ወደ ታች ግፊው፣ ከገንዳው ተለይቶ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። በእጅሽ አሽከርክሪው፣ የሚያንኳኳ ወይ የሚፋጭ ድምፅ ካለ ተዪው። ሳይጨምቅ አይተሽ እንዳትገዢ፣ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሲገባ ነው ሁሉም የሚታወቀው። ፍሪጅ ከሆነ በሩ ላይ ወረቀት አስገብተሽ ዝጊና ሳቢ፣ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አይዘጋም፣ ዙሪያውን ሞክሪው። ቀድሞ ተሰክቶ የቆየ ፍሪጅ ሄደሽ እዪ፣ ስትደርሺ የሚሰኩልሽን አትመኚ፣ ላይኛው 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ይዘሽ ብትሄጂ ባለቤቱ ይስቅብሻል፣ ይሳቅ

አዲስ_ጎጆ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በጣም። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው፣ እና ውሳኔያችን ይሄ ነው፣ ፍሪጁ ላይ እንጨምራለን፣ ኢንቨርተር፣ ስክሪን የሌለው። ማጠቢያው መካከለኛው፣ 9 ኪሎ፣ ማዞሪያ ያለው፣ ካቻቪቴ እንዳልከው ደውዬ ጠየኩ፣ ገንዳው ይፈታል ተባልኩ፣ ውዱ ግን አይፈታም አሉኝ! ሰውዬው ሳቀብኝ "ሳትገዢ ስለጥገናው የምትጠይቂ የመጀመሪያ ነሽ" ብሎ። ባለቤቴ አሁን ውዱን እንግዛ ማለት ትቷል፣ ቢያንስ ጮክ ብሎ አይልም። የቀረን ማስመጣቱ ነው፣ ፍሪጁን መኪና ላይ አስተኝተው ቢያመጡት ችግር አለው?

ካቻቪቴ፦
ቆሞ ቢመጣ ነው የሚሻለው። ግድ ከተኛ ቤት ሲደርስ አቁሙትና ወዲያው እንዳትሰኩት፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ሄዶ ይሆናል፣ መመሪያው ስንት ሰዓት እንደሚል እዩ፣ ከተጠራጠርሽ እስከ ማግስቱ ብትተዪው ምንም አትጎጂም። ከግድግዳ ራቅ አድርጊው፣ ከኋላው አየር ይግባው፣ ከኋላው ያለው ሽቦ አቧራ ሲሞላ ጥረጊው።

ማጠቢያውን ደግሞ ከኋላው ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች ሳታወጡ እንዳታስነሱት

አዲስ_ጎጆ፦
የትኞቹ ብሎኖች??

ካቻቪቴ፦
ከኋላ ታያቸዋለሽ፣ አብዛኛው ላይ አራት ናቸው፣ አንዳንዱ ላይ ሦስት፣ ወፍራም፣ ከነፕላስቲካቸው ይወጣሉ። ከበሮው መኪና ላይ እንዳይናወጥ አስረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። እነሱ ሳይወጡ ከጨመቀ ማሽኑ ክፍሉን ሁሉ እየዞረ ይጨፍራል፣ ለዚህ ተጠርቼ ሄጄ አውቃለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ። ካወጣሻቸው በኋላ ቀዳዳዎቹን አብረው በመጡት ክዳኖች ዝጊ፣ ብሎኖቹን አትጣዪ፣ ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ታስሩበታላችሁ

የልጆቹ_እናት፦
እግሮቹንም አስተካክሉ፣ አንዷ እግር እንኳ አየር ላይ ከቀረች ያው ጭፈራ ነው

አዲስ_ጎጆ፦
ቅዳሜ ነው የሚመጣው፣ ባለቤቴ አሁን ካቻቪቴ (አንተን ሳይሆን እቃውን 😂) ፍለጋ ገብቷል